ሐብሐብ ሻጩና የዜማው ባለቤት

አንድ ፒያኒስት ወዳጅ አለኝ። ማታ ማታ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ይጫወታል። የሆቴሉ ስም ይቅር። ፒያኖው ጥግ ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ሁለት ቁልፎቹ ቢነኩም ድምፅ አያወጡም። ወዳጄ ጣቱ ስለለመደ ይዘላቸዋል። እንግዶቹ ልብ አይሉም። እኔም እሱ እስኪነግረኝ ድረስ አላወቅኩም ነበር።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቀው ሄጄ ቁጭ ብዬ ስሰማው አመሸሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ዜማዎች ተጫወተ። አንዱም የራሱ አልነበረም። ሲጨርስ “የራስህን ለምን አትጫወትም?” አልኩት። ሳቀብኝ። “የራሴን ማን ይሰማልኛል? የራስ ድርሰት፣ የራስ አልበም ምናምን ቅንጦት ነው። መጀመሪያ እንጀራው ይገኝ” አለኝ።

እንዲህ የሚያስብ ሙዚቀኛ ብዙ ነው። ዘፋኝ የሌለበት፣ አራት አምስት ሰው የሚጫወተው፣ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ድርሰት የተሠራ የጃዝ አልበም ለነፍስ እንጂ ለኪስ አይሆንም ይላሉ። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ አልስማማም። ለፒያኒስት እንጀራው ያለው እዚያው ድርሰቱ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንደምል በአንድ የቆየ አልበም ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

አልበሙ የአሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት የኸርቢ ሃንኮክ የመጀመሪያ ሥራ ነው። “ቴኪን ኦፍ” ይባላል። በ1962 ግንቦት ወር ተቀረጸ። ስድስት ሙዚቃ አለው፤ ስድስቱንም የደረሰው ራሱ ኸርቢ ነው። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር።

ኸርቢ የቺካጎ ልጅ ነው። በ11 ዓመቱ ከቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የሞዛርትን የፒያኖ ኮንቸርቶ ተጫውቷል። ኮሌጅ ሲገባ ግን ሐሳቡ ኢንጂነሪንግ ነበር። ኒውዮርክ ያመጣው ትራምፔት ተጫዋቹ ዶናልድ በርድ ነው። ብሮንክስ ውስጥ አንድ ቤት አብረው ይኖሩ ነበር። በርድ ከተማውንም ንግዱንም ያውቃል። ለኸርቢ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር።

አንድ ቀን በርድ የራስህን አልበም የምታወጣበት ጊዜ ደርሷል ይለዋል። ኸርቢ ገና ነኝ ይላል። በርድ ግን አልተወውም። ዘዴ አስተማረው። ብሉ ኖት ወደተባለው ሙዚቃ ቤት ሂድና ለውትድርና ልጠራ ነው፣ ከመሄዴ በፊት አልበም መቅረጽ እፈልጋለሁ በላቸው አለው። ነጭ ውሸት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ግማሹን ሰው በሚያውቀው ዜማና በብሉዝ ሙላው፣ ግማሹን የራስህን አድርገው አለው። ለነሱ ገበያውን፣ ለራስህ ድርሰቱን ማለት ነው።

ኸርቢ ሦስት የራሱን ዜማዎች ይዞ ሄደ። የብሉ ኖት ባለቤቶች አልፍሬድ ላየንና ፍራንሲስ ዎልፍ ሰሙለት። ወደዱት። ሰው የሚያውቀውን ዜማ ተወው፣ ሙሉውን አልበም በራስህ ድርሰት አድርገው አሉት። ይሄ ለአዲስ ልጅ ያልተለመደ ነበር።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቹ ዜማዎቹን በእኛ ድርጅት ስም እናስመዘግባለን አሉ። በርድ ይሄንን አስቀድሞ ነግሮታል። ይጠይቁሃል፣ እምቢ በል ብሎታል። ኸርቢም ዜማዎቹን በራሴ ድርጅት አስገብቻለሁ አላቸው። እንደዚያ ከሆነ አልበሙ አይሆንም አሉት። ልጁ ተነሳ። ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። ሳይወጣ መልሰው ጠሩት፣ ተስማሙም። ይሄንን ታሪክ ኸርቢ ራሱ በኋላ ደጋግሞ ተናግሮታል። በልቡ ምን ያህል እንደፈራ መገመት አያቅተንም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነውና።

አንድ ሙዚቃ ተቀርጾ ሲወጣ ሁለት ንብረት ይወለዳል። አንዱ ድርሰቱ ነው። ዜማው ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ ቢጻፍ፣ በዋሽንት ቢነፋ፣ በጉሮሮ ቢዜም ያው አንድ የሆነው ነገር። ሌላው ቅጂው ነው። ያ በዚያ ቀን፣ በዚያ ክፍል፣ በነዚያ ሰዎች የተቀረጸው ድምፅ። የኛ ሙዚቀኞች ማስተር ይሉታል። ሁለቱ ንብረቶች ሁለት ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። ብሉ ኖት ቅጂውን ያዘ። ኸርቢ ድርሰቱን አስቀረ።

ልዩነቱ ያን ዕለት ማንም ሰው ኪስ ውስጥ አልታየም። የታየው ከዓመት በኋላ ነው። ግን መጀመሪያ ስቱዲዮ እንግባ።

ስቱዲዮው ኒውጀርሲ፣ ኢንግልዉድ ክሊፍስ ነው። ባለቤቱ ሩዲ ቫን ጌልደር ይባላል። ሙያው የዓይን መነጽር ሐኪምነት ነበር። ድሮ የሚቀርጸው በወላጆቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። በ1959 ነው ይሄንን ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ያለውን ስቱዲዮ የሠራው። ያን ቀን አምስት ሰው ገባ። በትራምፔት ፍሬዲ ሀባርድ። በቴነር ሳክስፎን ዴክስተር ጎርደን፤ ያኔ 39 ዓመቱ ነው፣ ከአምስቱ ሁሉ ታላቅ። በቤዝ ቡች ዋረን። በድራም ቢሊ ሂጊንስ። ፒያኖው ላይ ባለ አልበሙ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እየተያዩ ነው የሚጫወቱት። እንደ ዛሬ ድራሙ ሰኞ፣ ቤዙ ረቡዕ፣ ጊታሩ “ሲመቸኝ እልክልሃለሁ” የለም። ተበላሸ? ከመጀመሪያው ይደገማል።

ለመሆኑ አዲስ ድርሰት በእንዲህ ዓይነት አቀራረጽ ለምን ይከብዳል? ልምምድ ስለሚፈልግ ነው። የታወቀ ዜማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ ተናግረህ ትጀምራለህ። የራስህን ዜማ ግን ማንም አያውቀውም። ማስጠናት አለብህ። ማስጠናት ጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ብሉ ኖት በዘመኑ ከሌሎች የሚለይበት አንዱ ነገር ይሄ ነበር። ለልምምድ ቀን ለሙዚቀኞቹ ይከፍላል። አምስት ሰዎች አዲስ ዜማ እንደ አሮጌ ወዳጅ ይዘውት ስቱዲዮ የሚገቡት ስለዚህ ነው።

የኛ ከተማ ነገር እዚህ ላይ ይገባኛል። ማታ ክለብ የሚጫወት ባንድ ለልምምድ የሚከፍለው ሰው የለም። የሚከፈለው ለማታው ነው። ማታ ደግሞ ሰው የሚያውቀውን ይፈልጋል። አዲስ ድርሰት የሚያዳምጥ ጆሮ ከመጥፋቱ በፊት የሚለማመድ ሰዓት ጠፍቷል። ወዳጄ “ማን ይሰማልኛል” ሲል በልቤ “መጀመሪያ ማን ይለማመድልሃል?” አልኩ።

የአልበሙ መክፈቻ “ዋተርሜሎን ማን” ነው። ሐብሐብ ሻጩ እንበለው። ኸርቢ ሲደርሰው ሰው የሚወደው፣ እግር የሚያንቀሳቅስ ነገር ፈልጎ ነበር። ገበያ አስቦ ነው፤ አልደበቀም። ግን ውሸት እንዳይሆንበት ፈራ። የጥቁር አሜሪካዊን ሕይወት ይናገር ቢል እስር ቤት አልገባም፣ ጥጥ አልለቀመም። ያየውን ሲያስብ የልጅነት ሰፈሩ ትዝ አለው። በቺካጎ የኋላ መንገዶች ሐብሐብ የጫነ ጋሪ ይመጣ ነበር። መንገዱ ጥርብ ድንጋይ ነው። ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲንከባለል ቀጠቀጥ፣ ቀጠቀጥ ይላል። ከየደጁ ሴቶች ሻጩን ይጣሩታል።

ሙዚቃውን ስትሰሙ ሁለቱንም ትለያላችሁ። ፒያኖው የሚደጋግማት ወዘወዝ የምትል አጭር ሐረግ አለች። እሷ ጎማው ናት። ትራምፔትና ሳክስፎኑ አብረው የሚያወጡት ዜማ ደግሞ የሴቶቹ ጥሪ ነው። አካሄዱ ብሉዝ ነው። ተራው ብሉዝ 12 ባር (የምት ክፍል) ነው፤ ይሄ 16 ነው። ትርፉ አራት ባር መጨረሻው አካባቢ ነው የገባው። ሊያርፍ ነው ስትሉ ያው መመላለስ አንድ ጊዜ ይደገማል፣ ሌላ ጊዜ ይደገማል፣ ከዚያ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ጋሪው ማዞሪያው ላይ ትንሽ የቆየ ይመስላል። ይሄ የኔ ጆሮ ነው፤ ኸርቢ እንዲያ አላለም።

እኔ ይሄንን ሙዚቃ ስሰማ ትዝ የሚለኝ ቁራሌው ነው። ጆንያ ተሸክሞ፣ ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ “ቁራሌው!” እያለ የሚዞረው ልጅ። እያንዳንዱ የራሱ አጠራር አለው። አንዱ መጨረሻውን ያነሳዋል፣ ሌላው ይጎትተዋል። የሰፈራችንን ቁራሌው ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በድምፁ እለየዋለሁ። እሱ ዜማ ነው። ግን ፒያኖ ላይ ያስቀመጠው ሰው አላጋጠመኝም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ።

ከቀረጻው በኋላ ኸርቢ የኩባው ኮንጋ መቺ ሞንጎ ሳንታማሪያ ባንድ ውስጥ ፒያኒስት ጎድሎ ለቅዳሜና እሁድ ተተካ። በርድ ሊያየው መጣ። በእረፍት ሰዓት በርድና ሞንጎ የኩባና የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚገናኝበትን ነጥብ እያወሩ ነበር። በርድ ለኸርቢ ሐብሐብ ሻጩን እስቲ ተጫወትላቸው አለው። ጀመረ። ኮንጋው ገባ። ቤዙ ገባ። ሰው ከወንበሩ እየተነሳ መደነስ ጀመረ። ሞንጎ ልቅረጸው ብሎ ጠየቀ። ቀረጸው። በ1963 በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ 10ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ጃዝ እዚያ ሰፈር አዘውትሮ አይታይም።

አሁን ሁለቱን ንብረቶች አስታውሱ። ሞንጎ የቀረጸው በሌላ ሙዚቃ ቤት ነው። የብሉ ኖት ቅጂ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ የሞንጎ ሸክላ በተሸጠ ቁጥር ብሉ ኖት ከሱ ሽያጭ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ኸርቢ ግን ድርሰቱ የሱ ነው። በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ አንድ ድርሰት በአንድ ሸክላ ላይ ሲሸጥ 2 ሳንቲም ያስከፍላል። ይሄ ክፍያ ከ1909 እስከ 1977 ድረስ አልተነካም። የተለመደው አሠራር ደግሞ አሳታሚው ድርጅትና ደራሲው ግማሽ ግማሽ መካፈል ነበር። ምሳሌ ልስጥ፦ 100,000 ቅጂ ቢሸጥ 2,000 ዶላር ይመጣል። ድርሰትህን ለአሳታሚ የሰጠህ ከሆነ 1,000 ይደርስሃል። ራስህ አሳታሚ ከሆንክ ሁለቱም ሺህ ያንተ ነው። ኸርቢ ወደ በሩ የተራመደው ለዚያች ሁለተኛ ሺህ ነው። በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የሚመጣው ሌላ ነው።

በዚያ ገንዘብ ምን አደረገ? መኪና ገዛ። ኤሲ ኮብራ፣ 6,000 ዶላር። የ23 ዓመት ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ። መኪናዋን ለብዙ አሥርት ዓመታት አልሸጣትም። በ1973 ደግሞ ያንኑ ዜማ “ኸድ ሃንተርስ” በተባለው አልበሙ ላይ ሌላ መልክ ሰጥቶ ቀረጸው። ድርሰት እንዲህ ነው። በየዘመኑ ልብስ ይቀይራል፣ ኪራዩ ግን ለባለቤቱ ይመጣል።

የማይዋጥልኝ ነገርም አለ። ቢሊ ሂጊንስ ያን ዕለት የመታው ድራም ባይኖር ያ ዜማ ያንን ወዘና ያገኝ ነበር? የፍሬዲ ሀባርድ ሶሎስ? ጃዝ ግማሹ እዚያው የሚፈጠር ነው። ሕጉ ግን የሚያየው ዜማውን ነው። የአጃቢዎቹ ድርሻ የቀኑ ክፍያ ነበር። እነሱም የራሳቸውን አልበም ሲያወጡ በተራቸው ባለቤት ይሆናሉ ይባላል። ይባል እንጂ ድራመኛ ስንት አልበም ያወጣል? ለዚህ ነው ባንድ ያላችሁ ልጆች ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ የምለው። ማን ምን ደረሰ፣ ስንት በመቶ፣ በወረቀት። ሻይ ላይ የተባለ ነገር ገንዘብ ሲመጣ ይረሳል።

የጃዝ ሰዎች ከኸርቢ በፊትም ይሄንን ንግድ ነቅተውበታል። ሕጉ ዜማን ይጠብቃል እንጂ ከዜማው ሥር አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች፣ የኮርድን ቅደም ተከተል፣ ብቻውን የማንም ንብረት አያደርግም። ስለዚህ በ1940ዎቹ እነ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር የታወቀ ዘፈን ኮርድ ይወስዱና በላዩ አዲስ ዜማ ይሠሩበታል። የዘፈን ደራሲው ጆርጅ ገርሽዊን በ1930 ባወጣው አንድ ዘፈን ኮርድ ላይ የተሠራው የጃዝ ዜማ ብዛት ለጉድ ነው። ለጆሮ አዲስ፣ ለጣት የለመደ። ለሙዚቃ ቤቱም ለገርሽዊን የማይከፍልበት። መሬቱ የወል ነው፣ ቤቱ የግል ነው።

ይሄ አባባል ለኛ እንግዳ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የማንም አይደሉም፣ የሁላችንም ናቸው። ቅኝት የወል መሬት ነው። ጭቅጭቁ ያለው ቤቱ ላይ ነው። አንድ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በአምስት ድምፅ ስትመላለስ ከሌላ ሰው መንገድ ጋር መጋጨት ቀላል ነው። “ዜማዬን ሰረቀኝ” የሚባለው ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ የቅኝቱ ጠባይ ነው።

ታዲያ የፒያኒስት የራሱ የሚባለው ምኑ ላይ ነው? አንቺሆዬን ውሰዱ። ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ከነዚህ ውስጥ ፋ፣ ላ እና ዶን አንድ ላይ ብትመቱ ፍንትው ያለ ደስተኛ ኮርድ ይወጣል። የቀሩት ሁለቱ ድምፆች ግን ከዶና ከፋ በግማሽ ደረጃ ከፍ ብለው ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ኮርዱ ይስቃል፣ እነሱ ይቆነጥጡታል። ክራር ላይ ይሄ ችግር ብዙም አይሰማም። ፒያኖ ላይ አሥር ጣት ይዘህ ስትቀመጥ መወሰን አለብህ። ትስቃለህ ወይስ ትቆነጥጣለህ? ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ያሉት ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር አንድ ቤት ማኖር። የደራሲው እጅ የሚታየው ዘፋኝ ሳይሸፍነው፣ ባንዱ አራት ሰው ብቻ ሲሆን ነው። ትልቅ ባንድ ውስጥ ፒያኖ ይዋጣል። ዘፋኝ ካለ ደግሞ ሁሉም ነገር አጃቢ ነው።

የኛ የሙዚቃ ሥርዓት ይሄንን አጃቢነት በጽሑፍ አስፍሮታል። የድሮ ካሴት ሽፋን አገላብጡ። ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ ይላል። ፒያኖና ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው “ቅንብር” የሚለው ላይ ነው። መግቢያውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ዘፈኑ ሳይጀመር ያወቅነው በዚያ መግቢያ ነው። ኮርዱን የመረጠው፣ የብራሱን መልስ የጻፈው እሱ ነው። ገንዘቡን ግን በቁርጥ ተቀብሎ ይሄዳል። ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ቅንብርንም የሚጠበቅ ሥራ ብሎታል። የሚጠይቅ ግን ስንት ሰው ነው?

ዘፋኝ የሌለበት የኛ የፒያኒስት ድርሰት ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት “ሙዚቃዊ ስልት” ይበቃል። የደረሱት ፒያኒስቱና አቀናባሪው ግርማ በየነ ናቸው። ዋልያስ ባንድ በ1977 “ቸ በለው” በተሰኘው አልበም ላይ አወጣው። ዛሬ ቃል አማርኛ የማይሰሙ የውጭ አገር ባንዶች ይጫወቱታል። ግጥም የለውማ። የሚተረጎም ነገር የለውም።

ያን አልበም ሲሠራ የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። የሳቸው ታሪክ የኸርቢ ግልባጭ ነው፤ ለዚያ ነው የማነሳው። ዋልያስ በሒልተን ለዓመታት ተጫውተው በ1981 አሜሪካ ለኮንሰርት ሄዱ። ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ። አኮርዲዮን፣ ያማሃ ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የድራም ማሽን ይዘው የድሮ ዜማዎቻችንን ያለ ዘፋኝ ቀረጹ። “ሸሞንሟናዬ” ተብሎ በካሴት ወጣ። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ጋሽ ኃይሉ በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኪቦርዳቸው መኪናው ውስጥ ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ እየጠበቁ ይለማመዳሉ።

ያን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ገዛው። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባል ሙዚቃ ቤት አለው። ስልክ ፈልጎ ደወለ። ያነሱት ራሳቸው ጋሽ ኃይሉ ናቸው። በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ። ሙዚቃ ቤቱ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ለእኩል የሚካፈል ነው። ጋሽ ኃይሉ ዓለም መዞር ጀመሩ። በ2018 ከድራመኛው ቶኒ ባክና ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር በሦስት ሰው “ላላ በሉ”ን አወጡ። በ2020 “የኔ ምርጫ” ተከተለ።

ልብ በሉ። ኸርቢ ቅጂውን አጥቶ ድርሰቱን ያዘ። “ሸሞንሟናዬ” ላይ ደግሞ ብዙው ዜማ የሕዝብ ነው፤ ጋሽ ኃይሉ የነበራቸው ቅንብሩና የተቀረጸው ድምፅ ነው። አንዱ በአንድ እግሩ ቆመ፣ ሌላው በሌላው። የራሱን ድርሰት፣ በራሱ ወጪ፣ በትንሽ ባንድ የሚቀርጽ ፒያኒስት ግን በሁለቱም ይቆማል። ትንሽ ባንድ ርካሽ ነው። የሠላሳ ሰው ኦርኬስትራ ማስተሩን የሚገዛለት ይፈልጋል፤ አራት ሰው ግን ተቆጥቦ ይቻላል።

ዛሬስ? ዛሬ 2 ሳንቲም የለም። በስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ማዳመጫ) የአንዱ ጨዋታ ዋጋ ከሳንቲም ያነሰ ነው፣ ቋሚም አይደለም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ሙዚቃ ለቅጂው ባለቤት አይከፍልም። ለኛ የጃዝ ልጆች ይሄ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን አሁንም ገንዘቡ በሁለት ቧንቧ ነው የሚፈሰው። አንዱ ለቅጂ፣ አንዱ ለድርሰት። ሙዚቃችሁን ኢንተርኔት ላይ የሚጭንላችሁ አከፋፋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበስበው የመጀመሪያውን ነው። የሁለተኛውን ቧንቧ የሚከፍተው ድርሰቱ በደራሲው ስም ሲመዘገብ ነው። ብዙ ልጆች አልበም ጭነው “ገንዘቡ ይሄ ብቻ ነው?” ይላሉ። የድርሰቱ ድርሻ ባለቤቱ ያልታወቀ ተብሎ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስሙን አንድ ቦታ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት፣ ሌላ ቦታ ሌላ ዓይነት የጻፈማ ጭራሽ ራሱን ሁለት ሰው አድርጓል።

አገር ቤት ያለውን ሮያሊቲ (ለሥራው ባለመብት የሚከፈለውን) በተመለከተ መንገዱ በሕግ ተከፍቷል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ደራሲዎች ክፍያቸውን በጋራ ማኅበር በኩል እንዲሰበስቡ ፈቅዷል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሰው የማያውቀው። ጥበቃው ምዝገባ አይጠብቅም። ሥራው የራስህ ወጥ ሥራ ይሁን፣ በሆነ ነገር ላይ ተቀርጾ ወይም ተጽፎ ይቀመጥ። ይሄው ነው።

ይሄንን ለወዳጄ ነገርኩት። “ስብከት አታብዛ” የሚል ፊት አሳየኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ድምፅ መቅጃውን ከፈተና ወደ ታች መጎተት ጀመረ። አያልቅም። ቀን ብቻ ነው የተጻፈባቸው። አንዱን ነካ፤ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በአፉ ያዜመው ነው፣ ከኋላ ረዳቱ ይጮሃል። ሌላውን ነካ። ጠዋት ነው፣ ዶሮ ይሰማል። ከሩቅ አንድ ልጅ “ቁራሌው!” ይላል፣ መጨረሻውን እያነሳ። ወዳጄ በስልኩ ውስጥ ሳቅ እያለ በአፉ ይከተለዋል፣ ከዚያ በሱ ላይ ሌላ ነገር ይጨምርበታል።

“ይሄን ተጫወተው እስቲ” አልኩት።

ዞር ዞር ብሎ አየ። ሎቢው ውስጥ ሦስት አራት ሰው ነበር። ግራ እጁን አስቀድሞ አንዲት አጭር ነገር ጀመረ፣ የጆንያ ሸክም እንዳለበት ሰው የምትንገዳገድ። ቀኝ እጁ ጥሪውን አመጣ። ጥሪው ሲነሳ የሚያርፈው ከሞቱት ሁለት ቁልፎች አንዱ ላይ ሆነና ጠፍ አለ። እየሳቀ ከላይ በኩል ደገመው።

አንድ እንግዳ መጣና ሁለት መቶ ብር ፒያኖው ላይ አስቀመጠ። “ትዝታን ብትጫወትልን” አለው በትሕትና። ወዳጄ እጅ ነስቶ ተጫወተለት። ቀኝ እጁ ትዝታን በደንብ ነው የተጫወተው። ግራ እጁ ግን አሁንም ጆንያውን ተሸክሞ ነበር።